ፈንታሁንና የአስታ ሜዳው ታፔላ

ፈንታሁን መሞቱን የሰማሁት ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ቢሮ ቁጭ ብዬ የማዳበሪያ ቅጽ ስሞላ ነው። የደወሉልኝ ታላቅ ወንድሙ ጋሽ አያሌው ናቸው። ድምፃቸው ሻክሮ "ወንድሜ አረፈ" አሉኝ። "ለማን አሳውቆ?" ልል ትንሽ ነው የቀረኝ። ፈንታሁን በሕይወቱ ሰው ሳያይለት የሠራው ነገር አልነበረም። ደብረ ታቦር ቤቱ ውስጥ ተኝቶ፣ ጭብጨባ ሳይኖር፣ እንዲሁ ዝም ብሎ ይሞታል ብዬ አስቤ አላውቅም። የሆነ ሆኖ ነፍስ ይማር አልኩ። ሰው የሚለው እሱን ነው።

"ቀብሩ ነገ ስድስት ሰዓት እዚሁ እስቴ፣ በተወለደበት ደብር ነው" አሉ ጋሽ አያሌው። "የሕይወት ታሪኩን አንተ ትጽፋለህ፤ አንተው ታነባለህ። ሥራ የጀመራችሁት አብራችሁ ነው። ከአንተ በላይ የሚያውቀው የለም።"

እውነታቸውን ነው። ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም። መጻፍ የማይገባኝም ለዚሁ ነበር።

"እሽ ጋሼ" አልኩ።

"ያችን ገብስ ደግሞ እንዳትረሳ። ትልቁ ሥራው እሷ ናት።"

በእስቴዋ ከተማ በመካነ ኢየሱስና በዙሪያው ሰው ሲሞት የሕይወት ታሪክ ጻፍልን ብለው ወደ እኔ መምጣት ከጀመሩ ቆይተዋል። ጽሕፈቴ ያምራል፣ ድምፄም እስከ ቅጽሩ በር ይሰማል ይላሉ። ሰካራሙን "ጨዋታ ወዳድ"፣ ቆንቋናውን "ቆጣቢ"፣ ሚስቱን ሲደበድብ የኖረውን "በቤቱ ሥርዓት አክባሪ" እያልኩ ስንቱን ሸኝቻለሁ። አንድም ቀን ከብዶኝ አያውቅም። የፈንታሁን ግን ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ እጄን ያዘኝ። ስለ እሱ የማውቀውን ከጻፍኩ ቀብሩ ላይ ድንጋይ ይወረወራል፤ ወደ እኔ ይሁን ወደ ሬሳው ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

ከፈንታሁን ጋር አስታ ሜዳ የወጣነው ኮሌጅ በጨረስን በወሩ፣ ከሃያ ዓመት በፊት ነው። አስታ ሜዳ ከመካነ ኢየሱስ በስማዳ አቅጣጫ ያለች፣ ከገብስ በቀር ምንም የማይስማማት ብርዳም ደጋ ናት። ሁለት የልማት ሠራተኞች ሆነን አንዲት ቆርቆሮ ቤት ተከራየን። እኔ የመጀመሪያውን ሳምንት በጉንፋን ተጠቅልዬ ሳሳልፍ እሱ የቀበሌውን ሰው ስም ሁሉ ይዞ ጨርሶ ነበር። ስም ብቻ አይደለም። የማን ሚስት የማን እህት እንደሆነች፣ የማን በሬ እንደታመመ፣ የትኛው ቄስ ከየትኛው ጋር እንደተኳረፈ በአንድ ሰማያዊ ደብተር ላይ አስፍሮታል። ደብተሩ የአለቆቻችንም ገጽ ነበረው። የልጆቻቸው ስም፣ የሚያከብሩት ታቦት፣ የሚወዱት የጠላ ዓይነት ሳይቀር አለበት።

ሰላም ሲል በሁለት እጁ ነው የሚጨብጥህ። አንዴ ከያዘህ አይለቅህም። አንገቱን ወደ ግራ ዘንበል አድርጎ፣ ዓይኑን እያርገበገበ፣ እናትህ እንዴት እንደሆኑ በስማቸው ጠርቶ ይጠይቅሃል። ሰው በዚህ ቅቤ ይሆናል። እኔም ሆኜ ነበር። ኋላ እናቴ በሞቱ በስድስተኛው ወር ደብረ ታቦር መንገድ ላይ አገኘኝና በሁለት እጁ ይዞኝ "እማማ አስካል እንዴት ናቸው? ሰላም በልልኝ" አለኝ። ደብተሩን አላደሰውም ነበር ማለት ነው።

ትጉህ አልነበረም አልልም። ማንም ከእሱ ቀድሞ አይነሣም። ትዕግሥቱንም ልክድ አልችልም፤ የኃላፊ በር ላይ ከጠዋት እስከ ማታ ሊጠብቅ ይችላል። እኔ ግማሽ ሰዓት ስጠብቅ ደሜ ይፈላል፣ ተነሥቼ እሄዳለሁ፣ ጉዳዬም እዚያው ይቀራል። እሱ ዘበኛውን እያጫወተ፣ ከጸሐፊዋ ጋር እየተሳሳቀ ይጠብቃል። ለቅሶም አይቀርም ነበር። የሟችን ቤተሰብ ሁለት ቃል ያጽናናና የቀረውን ሰዓት ከኃላፊው ጎን ተቀምጦ ይጨርሰዋል። አንድ ቀን ይኸን ነገር ሳነሣበት ምንም አልከፋውም።

"አስሜ" አለኝ፣ አስማማው የሚለውን ስሜን እያሳጠረ፣ "ሥራ ማንም ይሠራል። ዋናው መታየት ነው።"

ሲናገረው እንደ ቁም ነገር ነበር። ሌላ ሰው ቢለው የሚያፍርበትን ነገር እሱ ለወንድሙ እንደሚመክር ሰው ይለዋል። የሚያናድደኝም ይኸ ነበር።

ወደ ገብሷ ልምጣ። አስታ ሜዳ ውስጥ እማሆይ ውድነሽ የሚባሉ ሴትዮ አሉ። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ቆብ ደፍተው የመነኮሱ፣ ከቤታቸው ጓሮ አንዲት ቁራሽ መሬት ብቻ ያለቻቸው ናቸው። እኛ በወጣንበት ዓመት ጥቅምት ላይ ውርጭ ወረደና የአገሩ ገብስ ገና ፍሬ ሳይቋጥር ባንድ ጊዜ ነጣ። ሰው ማሳው ዳር ቆሞ እጁን አጣምሮ ይመለከታል። የእማሆይ ግን ውርጩ ሳይደርስባት ቀድማ ደርሳ፣ ታጭዳ፣ ነዶዋ ተከምሯል። እኔ አየሁና "ዕድለኛ ናቸው" ብዬ አለፍኩ። ፈንታሁን ግን ቆመ። ይኸን ላንሣለት፤ እኔ ባለፍኩበት እሱ ቆሟል።

ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ተመላለሰ። እኔንም ይዞኝ ይሄዳል። ሰማያዊ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል።

"እማሆይ፣ ይኸ ገብስ ከየት መጣ?" አላቸው።

"ከየት ይመጣል፣ ከዚሁ ነው" አሉ። "ማጭድ ከመግባቱ በፊት በየትልሙ እየዞርሁ አየዋለሁ። ቀድሞ የደረሰውን፣ አገዳው ያልተኛውን ዛላ ለብቻው እቀጥፈዋለሁ። ከምድጃዬ በላይ እሰቅለዋለሁ፣ ጢሱ ነቀዝ አያስጠጋውም። ለዓመቱ የምዘራው እሱን ነው። ባለቤቴ ከሞተ ጀምሮ ሥራዬ ይኸው ነው።"

"ስንት ዓመት ይሆናል?"

"አልቆጠርሁትም። ጥርሴ ሙሉ ነበር ስጀምር።"

ቀና ብዬ አየሁ። ከጣሪያው ስር ጢስ ያጠቆረው የዛላ እቅፍ በረድፍ ተሰቅሏል። እኛ ኮሌጅ ውስጥ ሁለት ዓመት ስለ ዘር መረጣ ተምረናል። ሴትዮዋ ፊደል አልቆጠሩም። እዚያ መደብ ላይ ተቀምጬ ስለ ዲፕሎማዬ ያፈርኩት ያን ቀን ነው። ፈንታሁን አላፈረም፤ ይጽፍ ነበር።

ሰኔ ሲገባ ለማሠልጠኛው ማሳ ዘር እንዲሰጡን ጠየቃቸው። የማሠልጠኛ ማሳ የሚባለው ለገበሬው ማሳያ እንዲሆን በመንገድ ዳር የተሰጠን መሬት ነው። "ዘር አልከለክልም" አሉ እማሆይ። "ደንቡን ግን ታውቃላችሁ?"

"እናውቃለን" አለ ፈንታሁን።

ደንቡ በዚያ አገር እንዲህ ነው። ዘር የወሰደ ሰው ሲዘራ የሰጪውን ስም ያነሣል። ገብሱም በሰጪው ስም ይጠራል፣ የእከሊት ገብስ ይባላል። በመጀመሪያው ዓመት እሸት ሲደርስ ደግሞ ዘሩን የተቀበለው ሰው አንድ እፍኝ ዛላ በራሱ አገዳ አስሮ ለሰጪው ይመልሳል፣ "ዘርዎ በቅሏል" ይላል። ከዚያ በኋላ ዘሩ የሁለቱም ይሆናል። ያን ሳይመልስ የቀረ ሰው ሌላ ዘር ቢጠይቅ ማንም ፊት አይሰጠውም።

እማሆይ ሁለት ቁና ሰፍረው መጡ። ፈንታሁን ባንድ እጁ ደብተር፣ ባንድ እጁ እስክሪብቶ ይዟል። እኔ ጋቢዬን ዘረጋሁ፤ አፈሰሱበት።

ገብሷ በቀለች። እንዴት ያለች ገብስ። በሚቀጥለው ጥቅምት መስኩን ኃላፊዎች ሊጎበኙት ይመጣሉ ተባለ። ፈንታሁን ሳምንቱን ሙሉ እንደ ሙሽራ ሚዜ ሲሯሯጥ ከረመ። ድንኳን ተከራየ፣ በግ አሳረደ፣ የቄሶቹን ጃንጥላ ሳይቀር ተዋሰ። ዋዜማው ዕለት አንድ ላሜራ ብረትና አረንጓዴ ቀለም ይዞልኝ መጣ።

"አስሜ፣ ጽሕፈትህ ያምራል። ታፔላ ጻፍልኝ።"

"ምን ብዬ?"

"'በባለሙያ ፈንታሁን ተመርጦ የተገኘ፣ ውርጭ የማይደርስበት የገብስ ዘር' በል።"

ብሩሹን ይዤ ቆምኩ። "የእማሆይ ስምስ?"

ሳቀ። "እማሆይ ስም ምን ያደርግላቸዋል? ዓለም በቃኝ ብለው ቆብ የደፉ ሰው አይደሉ?"

እኔም ሳቅሁ። ብዙ ነገር ረስቻለሁ፣ ያን ሳቅ ግን አልረሳሁትም። ሳቅሁና ብሩሹን ቀለም ውስጥ ነከርኩ። ባሳመርኩ ቁጥር እያደነቀኝ፣ እኔም በአድናቆቱ እየሞቀኝ፣ የፊደሎቹን ጫፍ ሁሉ አሾልኩለት። በሕይወቴ እንደዚያ አምሮልኝ የጻፍኩት ነገር የለም።

በማግሥቱ እንግዶቹ መጡ። ፈንታሁን ማሳው መሀል ቆሞ ዛላ በእጁ ይዞ ያስረዳል። "በየትልሙ እየዞርኩ ቀድሞ የደረሰውን፣ አገዳው ያልተኛውን ለብቻው..." ይላል። ቃል በቃል የእማሆይ ነው። ያንን መደብ፣ ያን ምድጃ አየሁት። የጢሱ ሽታ ሳይቀር ወደ አፍንጫዬ መጣ።

እማሆይ ራሳቸው የመጡት ትንሽ ቆይተው ነው። ቢጫ ቆባቸውን ደፍተው፣ ዘንጋቸውን ተመርኩዘው ከሰዉ ዳር ቆሙ። ከዚያ ወደ ታፔላው ጠጋ ብለው ከታች እስከ ላይ አዩት።

"ልጄ፣ ምን ይላል?" አሉኝ።

"የገብሱን ዓይነት ነው እማሆይ የሚለው።"

"የማን ነው ይላል?"

"የ... የአገር ነው ይላል።"

"አገርማ ደግ ነው" አሉ። ፈንታሁንን በእንግዶች ተከቦ ሲስቅ ትንሽ ተመለከቱት። ምሳው ሳይቀርብ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። እኔ ከበጉ በላሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው የፈንታሁን ታሪክ ሁሉም የሚያውቀው ነው። በዓመቱ ተሸለመ፣ ፎቶው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። መጀመሪያ ወረዳ፣ ቀጥሎ ደብረ ታቦር ገባ። ገብሷም ከአስታ ሜዳ ወጥታ ስማዳ ገባች፣ ጋይንት ተሻገረች። ወገዳ ገበያ ላይ ሴቶቹ "የፈንታሁን ገብስ ነው፣ ውርጭ አያውቀውም" እያሉ ሲሸጡ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ልናገር አፌን ከፈትኩና ዋጋ ጠየቅኩ። እኔ አስታ ሜዳ አሥራ ሰባት ዓመት ተቀመጥኩ። ከሦስት ዓመት ወዲህ ነው ወደ መካነ ኢየሱስ የተዛወርኩት፤ ያኔም ማንም አላጨበጨበም።

ፈንታሁን በኋላ ደግሞ አሠልጣኝ ሆነ። "የስኬታማ ሰው ሰባት ቁልፎች" የሚል ሥልጠና ይዞ በየወረዳው ይዞራል። እዚህም መጥቶ ነበር። ከየቀበሌው ገበሬ ተጠርቶ አዳራሹ ሞልቷል። ፈንታሁን ቦርጩ ወጥቶ፣ ማይክ ይዞ፣ ወዲያ ወዲህ እየተንጎራደደ "የመጀመሪያው ቁልፍ በማለዳ መነሣት ነው" አለ።

ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ገበሬ እጃቸውን አወጡ። "ጌታው፣ እኛ በዘጠኝ ሰዓት ሌሊት ተነሥተን ነው እዚህ የደረስን። አንተ የመጣኸው አሁን በሦስት ሰዓት ነው።"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ከሁሉ በላይ የሳቀው ራሱ ፈንታሁን ነው። ወርዶ ሽማግሌውን በሁለት እጁ ጨበጣቸው፣ ስማቸውን ጠየቃቸው፣ እስከ ማታ "አባቴ እንዳሉት" እያለ በስማቸው ሲምል ዋለ። ሲወጡ ሽማግሌው ራሳቸው "ጨዋ ልጅ ነው" ብለው መሰከሩለት። እንዲህ ያለውን ሰው በምን ትይዘዋለህ?

ሰባተኛው ቁልፍ እውነተኛነት ነበር። ስለ እሱ ከስድስቱም ይልቅ ረዘም አድርጎ ነው የተናገረው። "የሰውን ላብ የራስህ አታድርግ" ሲል ድምፁ ተንቀጠቀጠ። ከኋላ ወንበር ላይ ሆኜ አየሁት፣ የምሩን ነው። ከሌባ የሚከፋው የሰረቀውን ረስቶ ስለ ስርቆት የሚያስተምረው መሆኑ የገባኝ ያን ቀን ነው።

ሻይ ሰዓት ላይ ያዝኩት። "ፈንታሁን፣ እማሆይ ውድነሽ በሕይወት አሉ። አንድ ቀን ስማቸውን ብታነሣ ምን ይጎድልብሃል?"

በሁለት እጁ ጨበጠኝ። አንገቱን ዘንበል አደረገ። "አስሜ፣ እኔ እኮ አንድ ፊደል አልጻፍሁም። ታፔላውን የጻፍኸው አንተ ነህ። ባለፈው ባለፍሁበት አይቸዋለሁ፣ ጽሕፈትህ አሁንም ይነበባል።"

አሽሙር አልነበረበትም። እንዲያውም ሊያመሰግነኝ ነበር የሚመስለው። ከዚያ ሌላ ሰው ጠርቶት ሄደ። እጄ እንደተዘረጋ ቀረ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ ሲነሣ ምራቄን እውጣለሁ። ሰው ሲያደንቀው ከንፈሬን አጣምማለሁ። ሚስቴ "ምን አደረገህ?" ትለኛለች፣ ነግሬያት አላውቅም። ንቀቴ ለእኔ ብቻ የተሰጠ ሹመት ይመስለኝ ነበር። እሱ ወጣ፣ እኔ ቀረሁ፤ ቢሆንም እሱን መናቅ የምችል እኔ ነኝ እያልኩ ስንት ዓመት ኖርኩ።

ልሸሸው የማልችለው አንድ ነገር ብቻ ነበር። በየዓመቱ ጥቅምት ላይ፣ አስታ ሜዳ ሳለሁም ኋላ ለሰብል ግምገማ ስወጣም፣ እማሆይ ውድነሽን ማግኘቴ አይቀርም። ጤንነቴን፣ ልጆቼን ይጠይቁና በመጨረሻ "የገብሴ እሸት እኮ እስከ ዛሬ አልመጣም" ይሉኛል። ሳይቆጡ ነው፣ ዓይን ዓይኔን እያዩ ነው።

"ፈንታሁን ሥራ በዝቶበት ነው እማሆይ፤ አንድ ቀን ያመጣል" እላቸዋለሁ።

"እሽ" ይላሉ። በዓመቱ ደግሞ ይጠይቁኛል።

እንግዲህ ጋሽ አያሌው ደውለው ጻፍ ያሉኝ የዚህን ሰው ታሪክ ነው። ቅጹን ወደ ጎን አድርጌ ወረቀት አወጣሁ። መወለዱ፣ መማሩ፣ ማግባቱ፣ የልጆቹ ስም በቀላሉ ሄደ። "ሰው አክባሪ" ጻፍኩ፤ ውሸት አይደለም። "ትጉህ" ጻፍኩ። "ታጋሽ" ብዬ ጥርሴን ነከስኩ። ገብሷ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ጋሽ አያሌው እንደሚፈልጉት ብጽፈው ሁለተኛ ታፔላ መጻፌ ነው። የአስታ ሜዳ ሰው ቀብሩ ላይ ይመጣል፤ እማሆይም አይቀሩም። ያን ጊዜ ማንበብ አይችሉም ብዬ ዋሸኋቸው። ነገ ግን በጆሯቸው ነው የሚሰሙት። እውነቱን ብጽፍ ደግሞ በሟች ልጆች ፊት ነው። ምሳ ሰዓት አለፈ። የሁለት መስመር ቦታ ባዶ ትቼ ወረቀቱን አጣጠፍኩት።

በማግሥቱ ደብሩ ጢም ብሏል። ከደብረ ታቦር የመጡ መኪኖች ብቻ ከቅጽሩ እስከ አስፋልቱ ተሰልፈዋል። ጸሎተ ፍትሐቱ አልቆ ስሜ ሲጠራ ወጥቼ ቆምኩ። ሚስቱንና ልጆቹን አየሁ። ጋሽ አያሌው ፊታቸውን በነጠላ ጫፍ ይጠርጋሉ። ከሴቶቹ በኩል፣ ከአስታ ሜዳ በአይሱዙ ተጭነው ከመጡት መካከል፣ ቢጫዋ ቆብ አለች።

አነበብኩ። ባዶው ቦታ ላይ ስደርስ ወረቀቱ ምንም አላለኝም።

"በአስታ ሜዳ ቀበሌ ሲሠራ" አልኩ፣ "እማሆይ ውድነሽ ለብዙ ዓመታት ዛላ በዛላ መርጠው ያቆዩትን የገብስ ዘር ከእጃቸው ተቀብሎ በየወረዳው እንዲዳረስ አድርጓል። የፈንታሁን ገብስ የምንላት የእሳቸው ናት።"

አንድ ሰው ሳለ። ጋሽ አያሌው ነጠላቸውን ከፊታቸው አውርደው አዩኝ፤ ሁለተኛ እንደማያናግሩኝ ከዓይናቸው ገባኝ። የልጆቹን ስም አንብቤ፣ ነፍሱን ይማር ብዬ ወረድኩ። ውስጤ ሞቆታል። እውነቱን ልናገር፣ ፈንታሁንን ያሸነፍኩት መሰለኝ። ሬሳው ፊቴ ተጋድሞ ማለት ነው።

ሕዝቡ ሲበተን እማሆይ ዘንጋቸውን እየተከሉ መጡ። ሳሙኝ።

"ደግ አነበብህ" አሉ። "ያን ለት ታፔላው ላይ የጻፍኸው ይኸንኑ ነበር?"

ለመዋሸት ጊዜ አልነበረኝም። "አይደለም እማሆይ።"

"አውቃለሁ። በማግሥቱ የንስሐ አባቴን ወስጄ አስነብቤዋለሁ።"

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። "ታዲያ ይኸን ሁሉ ዓመት ምነው ዝም አሉኝ?"

"መቼ ዝም አልሁህ? በየዓመቱ እሸቴ አልመጣም ስልህ አልነበር?"

"ከፈንታሁን የሚጠብቁ መስሎኝ እኮ ነው።"

"ከሱ?" አሉ እማሆይ፣ አዲሱን መቃብር በዘንጋቸው እያመለከቱ። "እሱ ቤቴ ሲመጣ ደብተሩን እንጂ እኔን አላየኝም። ከሱ ምን እጠብቃለሁ? ዘሩን ያፈሰስሁት በማን ጋቢ ነበር?"

መልሴን አልጠበቁም። "በል፣ መኪናው ሳይሄድብኝ አሳፍረኝ" ብለው ክንዴን ያዙ።

ቀስ እያልን ወደ አይሱዙው ወረድን። መንገዱ ዳር ያለው ገብስ፣ ያው የእሳቸው ዘር፣ እሸቱ ደርሷል። ከኋላችን ከደብረ ታቦር የመጡ ሰዎች ስለ ፈንታሁን ያወራሉ፤ አንዱ "ትዕግሥቱ እኮ፣ ትዕግሥቱ ነው ሰው ያደረገው" ይላል። እማሆይ ሰምተው ይሆናል። መኪናው ጋ ስንደርስ ደግፌ አወጣኋቸውና ተመልሼ ወደ ማሳው ዳር ሄድኩ፣ የማሳውን ባለቤት አስፈቅጄ አንድ እፍኝ ዛላ ቀጠፍኩ፣ በራሱ አገዳ አሰርኩት። ስመለስ አይሱዙው ተነሥቶ ነበር።